ስድስት ጥቁር ካፖርት

የጋሽ ይርዳውን ሞት የሰማሁት በስልክ መልእክት ነው። መሥሪያ ቤት የምሳ ትሪዬን ይዤ መቀመጫ ስፈልግ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ባየው «ጋሽ ይርዳው ትናንት አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር» ይላል። ከሥሩ የተጣበቁ ሁለት መዳፎች ተስለውበታል።

እዚያው እንደቆምኩ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። ቀጥሎ እሳቸው ቢያዩት ከእኔ ብሰው እንዴት እንደሚናደዱ ታየኝና ሳቅ አፈነኝ። እንባው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጠገቤ የነበረች ባልደረባዬ «ምን ሆንሽ?» ብትለኝ «ጋሽ ይርዳው በስልክ ሞቱብኝ» አልኳት። ምንም አልገባትም። እንዴትስ ይግባት? ጋሽ ይርዳው በዚህች ምድር ላይ አምርረው የሚጠሉት ነገር ቢኖር ሞትን በስልክ መስማት ነበር።

ያወቅኳቸው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ፍራንክፈርት፣ ቦከንሃይም ሰፈር ውስጥ ነው። ላይፕሲገር ሽትራሰ ከሚባለው ጎዳና ገባ ብላ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሦስት ክፍልና አንድ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተዳብለን እንኖር ነበር። አንደኛው ክፍል የቶማስ ነው፤ ፍልስፍና ጀምሮ መጨረስ ያቃተው ጀርመናዊ ተማሪ። ሁለተኛው የእኔ ነው፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ሲሆን ነርስነት እማር ነበር። ሦስተኛው የጋሽ ይርዳው። ደሴ ላይ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው፣ ለስድስት ወር ስልጠና መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ሃምሳ ሊሞላቸው የተቃረበ ሰው፣ ከሁለት ተማሪ ጋር አንድ ሽንት ቤት ይጋራሉ።

ቀን ቀን የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ይደረድራሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ ደግሞ አንድ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ውስጥ ለጀርመኖች አማርኛ ያስተምራሉ። እዚያ ትምህርት ቤት ጠመኔ የሚባል ነገር የለም፤ በቀለም ብዕር ነው የሚጻፈው። ጋሽ ይርዳው ግን ንግግራቸውን በጨረሱ ቁጥር አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አፋትገው ጠመኔ ያራግፋሉ። ክፍል ውስጥ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ወጥ ቤት ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተው ሲጨርሱም ያራግፋሉ። ለማይገባቸው ነገር ሁሉ ደግሞ አንድ መልስ ነበራቸው፤ «ይሄ ካርታው ላይ የለም»።

ካርታው ላይ ያልነበረው የመጀመሪያ ነገር የቶማስ የጽዳት ፕላን ነው። ፍሪጁ በር ላይ ተለጥፎ፣ ማን በየትኛው ሳምንት ምን እንደሚያጸዳ ይናገራል። ጋሽ ይርዳው ቅዳሜ ጠዋት ተነሥተው የራሳቸውንም የእኔንም የቶማስንም አጽድተው ቁጭ ይላሉ። ቶማስ ተቆጣ፤ «አቶ» ለማለት «ሄር» ነው የሚላቸው። «ሄር ይርዳው፣ ይህ የእኔ ሳምንት ነው!»

«አንተ ልጅ ፈተና አለብህ። እኔ ላጥብ ምን አለበት?»

«ፕላን አለን። ካልተስማማን የቤት ስብሰባ እንጥራ።»

ጋሽ ይርዳው መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ንገሪው እስቲ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ተሰብስቤ ነው ከሀገር የወጣሁት። ደግሞ ለሽንት ቤት ልሰብሰብ?» ተረጎምኩለት። ቶማስ ለስብሰባ ያለው ፍቅር ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሽ ቀነሰ።

የጋሽ ይርዳው ትልቁ ሥራ ግን ሰው መጠየቅ ነበር። ቅዳሜ ከጽዳቱ በኋላ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሮደልሃይም ሰፈር የአክስታቸው ልጅ እትዬ አልማዝ ዘንድ ጎራ ይላሉ። ከዚያ የታመመ ካለ፣ የወለደች ካለች፣ ቤት የቀየረ ካለ ያዳርሳሉ። ደውለው ቀጠሮ ይዘው አያውቁም፤ ጀርመኖች ቴርሚን ይሉታል። «ሰው ለማየት ቴርሚን? ጥርሴን ላስነቅል ነው እንዴ የምሄደው?» ይላሉ። አበሻው ለምዶታል። አንዳንዴ እኔም አብሬያቸው እሄድ ነበር፤ ከቤት ቤት ስንዞር ሆዴ በሻይ ይሞላል።

አንድ ቀን ይህንኑ ጀርመኖች ላይ ሞከሩት። ሄር ቮልፍ የሚባል ተማሪ ነበራቸው። ባሌ ውስጥ ውኃ ሊቆፍር የሚዘጋጅ፣ በሩ ላይ ካላጎነበሰ የማያልፍ፣ አርባ ያልሞላው መሐንዲስ። ኦስትኤንድ ሰፈር ቤቱ ድረስ ሄደው ደወሉን ደወሉ። ሚስቱ ከላይ በመነጋገሪያው «ምን ተፈጠረ?» አለች።

«ምንም አልተፈጠረም፤ ላያችሁ መጥቼ ነው።»

የወረቀት ድምፅ ተሰማ፤ የቀን መቁጠሪያ ታገላብጣለች። ከዚያ፣ «ቴርሚን ነበረን?»

ጋሽ ይርዳው ማክሰኞ ዕለት ታሪኩን ለክፍሉ እየሳቁ አወሩት። ለንግግር ልምምድ ብለው ይዘውኝ ሄደው ስለነበር እኔም ነበርኩ። ቮልፍ ጆሮው ድረስ ቀላ። «አትፈር ልጄ» አሉት። «ጎበዝ ተማሪዎች ናችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ብቻ ሳስተምራችሁ አላጉረመረማችሁም። ግን እኛ ዘንድ ወዳጅ የሚባለው ሳይጠራ በር የሚያንኳኳ ነው። ከእናንተ ውስጥ እስካሁን በሬን ያንኳኳ የለም።» ጠመኔያቸውን አራገፉ። ከፊት የተቀመጡት ወይዘሮ፣ ፍራው ክሬመር፣ ይህንን ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ሲጽፉ አይቻለሁ።

ፍራው ክሬመር ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረዋል። በየሳምንቱ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ፖስታ በእጃቸው ያልፍ ነበር። አድራሻው በላቲን፣ የላኪው ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ በፊደላችን። «ሠላሳ ዓመት እነዚህን ፊደላት ሳገላብጥ ኖርኩ» አሉኝ አንድ ቀን። «ማን ለማን ምን እንደሚል ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።» አማርኛ ሊማሩ የመጡት ለዚህ ብቻ ነው።

ጋሽ ይርዳውም ፖስታ ጠባቂ ነበሩ። ደሴ እናታቸው አሉ፤ እማማ የሺ። ስልክ የላቸውም፤ ጎረቤት እያስጻፉ ይልካሉ። «እማዬ» ሲሉ የጋሽ ይርዳው ድምፅ የአሥር ዓመት ልጅ ድምፅ ይሆናል። ገና እንደተዋወቅን ያስጠነቀቁኝም ስለ እሳቸው ነው። እዚህ በመጡ በመጀመሪያው ዓመት አባታቸው ሲሞቱ ተማሪዎች በሚያድሩበት ሕንፃ ኮሪደር ላይ ባለው ስልክ ነበር የተነገራቸው። ከኋላቸው ሦስት ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ሰምተው ሲጨርሱ ስልኩን ለቀጣዩ ሰው ሰጡት፤ ሰውየውም አመሰገናቸው። «እኔ ደግሞ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ምንም አይደለም! አባቴ ሞቶ፣ ምንም አይደለም አልኩ!» ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ ግን ሳቁ ዓይናቸው ድረስ አልደረሰም። «እማዬ አንድ ነገር ብትሆን፣ አንቺ ልጅ፣ በስልክ እንዳትነግሩኝ። በጠዋት፣ ሰው ሆናችሁ፣ መጥታችሁ ንገሩኝ። እንደ ሰው ልረዳ።» እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በመከር ወራት ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሐኪሙ እንዳያጎነብሱ፣ ከባድ እንዳያነሡ፣ ዓይናቸውን እንዳያሹ፣ እንዳያነቡና እንዳይጽፉ፣ ስድስት ሳምንት እንዲጠነቀቁ አዘዘ። በሳምንቱ እትዬ አልማዝ በአስቸኳይ ሮደልሃይም ጠሩኝ። ገና በሩን ሲከፍቱልኝ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደለበሱ አየሁ።

«እማማ የሺ» አሉኝ። «ተቀብረው ሳምንት ሆናቸው።»

የከተማው አበሻ ሽማግሌዎች ተመካክረው ጨርሰው ነበር። መርዶ የሰማ ሰው ይወድቃል፣ ያለቅሳል፣ ዓይኑን ያሻል። ስለዚህ ዓይናቸው እስኪድን ድረስ እንዳይነገራቸው ተወሰነ። «አብረሽው የምትኖሪው አንቺ ነሽ» አሉኝ እትዬ አልማዝ። «ፊትሽን አስተካክይ።»

ፊትን አስተካክሎ መኖር ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ያኔ ነው። ወጥ ቤት ሲገቡ እወጣለሁ። ሲጠሩኝ ዕቃ ማጠብ እጀምራለሁ። ቶማስ ከፕላኑ ውጭ ያጠብኩትን ሳህን አይቶ «አንቺም ጀመረሽ?» አለኝ። በአሥረኛው ቀን የፈራሁት መጣ። ጋሽ ይርዳው አንድ ዓይናቸው በፕላስቲክ ክዳን እንደተሸፈነ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ መጻፍ ተከልክያለሁ። ለእማዬ ጻፊልኝ።»

ጻፍኩ። ለሞቱ ሰው፣ ልጃቸው እየነገረኝ፣ በእጄ ጻፍኩ። እስክሪብቶው ሁለቴ ሲወድቅብኝ «በርዶሽ ነው?» ብለው መስኮቱን ዘጉልኝ። ሲጨርሱ ደብዳቤውን አጥፌ «ነገ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ» አልኳቸውና የአናቶሚ መጽሐፌ ውስጥ ደበቅሁት። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ፍራው ክሬመር የደወሉልኝ። ድምፃቸው እንደ ልጃገረድ ይቅለበለባል። ሐሙስ የሄር ይርዳው ልደት ነው፤ ሃምሳ ዓመት! ከትምህርት ቤቱ መመዝገቢያ ላይ አይተውታል። ክፍሉ በሙሉ ተማክሯል። ሁሉም ሥራ ስላለው ከሥራ በፊት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሳይጠሩና ሳይነግሩ ይመጣሉ። «ያለ ቴርሚን!» አሉኝ፣ ወንጀል ሊፈጽሙ እንዳሰቡ ሁሉ። «በሩን አንቺ ብቻ ክፈችልን።»

ያችን ልደት ጋሽ ይርዳው ቅጽ ሲሞሉ የፈጠሯት መሆኗን አውቃለሁ። አክብረዋት አያውቁም። ግን ለሁለት ሳምንት ፊቴን ሳስተካክል ኖሬ አንድ የሚያስደስት ነገር ስሰማ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ደስ አለኝ፤ እሺ አልኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማሰብ የነበረብኝ አበሻዋ እኔ ነበርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ያካፋል፤ ገና አልነጋም። ወርጄ በሩን ስከፍት ስድስቱም መጥተዋል። ጀርመኖች ኅዳር ሲገባ የሚለብሱት ያው ጥቁር ካፖርት ነው፤ ስድስቱም ጥቁር በጥቁር። ፍራው ክሬመር በጨርቅ የተሸፈነ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ድንገት እንዳይነቃብን ጣታችንን አፋችን ላይ አድርገን፣ አንድም ቃል ሳንተነፍስ፣ አራት ፎቅ ተከታትለን ወጣን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የኬኩን ጨርቅ ገልጠው ሻማዎቹን ለኮሱ።

ጋሽ ይርዳው ግን ነቅተው ኖሯል። ወጥ ቤት መስኮት አጠገብ ቆመው ሻይ ሲጠጡ ከመንገዱ መብራት ሥር አይተውናል። ገና ሳይነጋ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው በርከት ብሎ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ እኔ እየመራሁት ወደ ቤታቸው ሲገባ። ሀገራችን ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አለ?

በሩን ስከፍተው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ በፒጃማ፣ አንድ ዓይናቸው እንደተሸፈነ። ከኋላዬ ስድስቱ በአንድ ትንፋሽ የልደት መዝሙሩን ጀመሩ። ቶማስም ከክፍሉ ጸጉሩ እንደቆመ ወጥቶ ተቀበላቸው። ጋሽ ይርዳው እነሱን አላዩም። የሚያዩት እኔን ነው።

«ሂሩት» አሉኝ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። «እማዬ ናት?»

መዋሸት እችል ነበር። እንዲያውም ውሸት አይደለም፤ ኬኩ ከኋላዬ አለ፣ ሻማው በርቷል። «ኧረ ጋሼ፣ ልደትዎ ነው!» ብል ሁላችንም እንስቃለን፤ ሽማግሌዎቹም በቀናቸው ይመጣሉ። አፌን ከፍቼም ነበር። ያቺ አንድ ዓይናቸው ግን ፊቴ ላይ ተተክላለች፤ የሁለት ሳምንት ሳህን ማጠቤን፣ ዓይን መሸሼን፣ የእስክሪብቶውን መውደቅ ሁሉ እየደመረች። እንደገና ማታለል አልቻልኩም።

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩ።

ግድግዳውን ተደግፈው ተንሸራተቱና መሬት ተቀመጡ። «እማዬ! እማዬ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። መዝሙሩ እዚያው ተሰበረ። የቮልፍ ወፍራም ድምፅ ብቻ አንድ ቃል ያህል ብቻውን ሄዶ እሱም ቆመ። ፍራው ክሬመር «ምንድን ነው ያልሽው?» አሉኝ። በጀርመንኛ ነገርኳቸው፤ እናታቸው እንደሞቱ፣ እንዳልነገርናቸው፣ እናንተን አይተው እንደተረዱ።

በዚያች ደቂቃ ይቅርታ ብለው፣ ኬካቸውን ይዘው፣ ሹልክ ብለው የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ሌላ ምን ያደርጋሉ? ፍራው ክሬመር ሻማዎቹን እፍ አሉ። ኬኩን የጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ። ካፖርታቸውን አወለቁ። ከዚያ ያን አልታጠፍ የሚል ጉልበታቸውን እንደምንም አጥፈው መሬት፣ ጋሽ ይርዳው አጠገብ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። «አይዞዎት» አሉ በአማርኛ። ሰላምታ በተማሩባቸው በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የተማሩት ቃል ነው። «አይዞዎት፣ አይዞዎት።» አምስቱም እያንዳንዳቸው ካፖርታቸውን እያወለቁ ተቀመጡ። ቮልፍ ወደ ሥራው ደወለ። «ዛሬ አልመጣም። አይ፣ አላመመኝም። ሰው ሞቶብናል።» እግሩ ረጅም ስለሆነ ኮሪደሩን ዘጋው፤ የሚያልፍ ሁሉ እየተሻገረው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ እትዬ አልማዝ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ደረሱ። መሬት የተቀመጡትን ጀርመኖች አዩ። የጫማ መደርደሪያው ላይ ያለውን ኬክ አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«በኬክ?» አሉኝ። «መርዶ በኬክ ታረጂዋለሽ? ማን ፈቀደልሽ? ዓይኑ ቢጠፋ ምን ትይኛለሽ?»

ከተቀመጥኩበት አንገቴን ደፋሁ። ጋሽ ይርዳው ናቸው ድምፃቸው እንደሻከረ የመለሱላቸው።

«ተዪያት አልማዝ። ሰዎቹ በጠዋት መጡ። ብዙ ሆነው መጡ። ጥቁር ለብሰው መጡ፤ ለዚያውም ማንም ሳይጠራቸው። ስወድቅም ጥለውኝ አልሄዱም፤ ይኸው አብረውኝ መሬት ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ወግ አለ? በወጉ ነው የተረዳሁት።»

«ዓይንህስ?»

«ዓይን ለእማዬ ካላለቀሰ ምን ሊያደርግልኝ ነው የታከምኩት?» አሉና፣ ሳያስቡት፣ ጠመኔያቸውን አራገፉ። ያን ሲያደርጉ ሳይ ነው እፎይ ያልኩት፤ ከእሳቸው በላይ ያለቀስኩትም ያኔ ነው።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ቶማስ በሁለተኛው ቀን የጽዳት ፕላኑን ቀዶ በምትኩ ማን በየትኛው ሰዓት ከሄር ይርዳው ጋር እንደሚቀመጥ የሚያሳይ አዲስ ፕላን ፍሪጁ ላይ ለጠፈ። እትዬ አልማዝ መጀመሪያ «ለቅሶ በፕላን!» ብለው አማተቡ። ከሰዓት በኋላ ግን ወጥ ቤት ሹልክ ብለው ገብተው ለቅዳሜ ስማቸውን ሲጽፉ ያዝኳቸው። ሽሮው ከሮደልሃይም፣ የድንች ሰላጣው ከጀርመኖቹ ይመጣል። ኬኩም ለለቅሶተኛ ተቆርሶ ታደለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሁለቴ ጨመሩ።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን ከአናቶሚ መጽሐፌ አውጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩት። «አልላክሁትም ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት። ማንበብ ገና አልተፈቀደላቸውም። እትዬ አልማዝ ሊቀበሏቸው እጃቸውን ሲዘረጉ እሳቸው ደብዳቤውን ወደ ሌላ በኩል፣ ለፍራው ክሬመር ሰጡ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከውጭ አይተውታል» አሏቸው። «ዛሬ ውስጡን ያንብቡት።»

ፍራው ክሬመር መነጽራቸውን አደረጉ። ፊደል በፊደል፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ለመላው ለቅሶተኛ አነበቡ። «ለ... ው... ድ... እ... ና... ቴ።» አንድ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጀርመኖቼ ሰላምታ ጨርሰው ግሥ ጀምረዋል የሚለው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ጋሽ ይርዳው ናቸው፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፤ «እማዬ፣ ዓይኔን አዳኑልኝ። ስመጣ እንደ ልጅነቴ ክሩን መርፌው ውስጥ እኔ አስገባልሻለሁ።» ፍራው ክሬመር «መርፌ» የምትለውን ቃል አያውቋትም ነበርና ቀና ብለው ትርጉሟን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

ከአርባው በኋላ ጋሽ ይርዳው ወደ መማሪያ ክፍላቸው ተመለሱ። ያን ማክሰኞ የያዙትን የግሥ ትምህርት ትተው ሰሌዳው ላይ «መርዶ» ብለው ጻፉ። እንዴት በጠዋት፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ እንደሚኬድ፣ ለምን ብቻን እንደማይኬድ፣ ተናግሮ ወዲያው መሄድ ነውር እንደሆነ አስረዱ። «የሚረዳውም ሰው ደግሞ ድርሻ አለው» አሉ። «ሰዎቹን በጠዋት በሩ ላይ ሲያይ ገብቶታል። ግን በር ላይ ቆሞ ንገሩኝ አይልም። ያስገባቸዋል፤ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይሰማል። እኔ ይህን አበላሽቻለሁ። ያቺን ልጅ ኮሪደር ላይ ይዤ ጠየቅኋት፤ ይቅር ትበለኝ።» ወደ እኔ ዞረው ጎንበስ አሉ። ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰው፣ በተማሪዎቻቸው ፊት። ፍራው ክሬመር ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

ከዚያ ወዲህ በራቸው ሥራ አላጣም። ቮልፍ ባሌ ደርሶ ሲመለስ ከአውሮፕላን ማረፊያው ቀጥታ እኛ ጋ መጣ። ፍራው ክሬመር በሳምንት ሁለቴ ሳይደውሉ ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ገላዬን ሳልታጠብ ይደርሱብኝና እኔ ራሴ ቴርሚን የሚባለው ነገር ይናፍቀኝ ነበር። ቤቱን ለቅቄ አግብቼ ስሄድም፣ ጋሽ ይርዳው ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን አንዲት ክፍል ሲይዙም፣ ቅዳሜ ጃንጥላቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ልጆቼ በጀርመንኛ ሲመልሱላቸው «ይሄ ካርታው ላይ የለም» እያሉ ያስቋቸዋል።

እንግዲህ መልእክቱ የደረሰኝ ቀን፣ ትሪዬን ይዤ ቆሜ፣ ፍራው ክሬመር ትዝ አሉኝ። ሰማንያ አልፈዋል፤ አሁንም ቦከንሃይም ናቸው። የእጅ ስልክ የላቸውም። አንዱ ቸኩሎ በቤት ስልካቸው ከደወለስ? ምሳዬን ትቼ ወጣሁና ለሁሉም ደወልኩ፣ «ማንም እንዳይነግራቸው!» እያልኩ። ለቮልፍ ነገርኩት። ለቶማስ፣ አሁን መምህር ለሆነው። እትዬ አልማዝ በምርኩዝ እየሄዱ «እኔ ካልመጣሁ ማን ሊያረዳት ነው?» አሉ። ከድሮው ክፍል ሁለት ሰው ተገኘ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስድስት ሆነን በራቸው ላይ ቆምን። ደወልኩ። በመነጋገሪያው «ማን ነው?» አሉ። «ሂሩት ነኝ» አልኩ። በሩ ተከፈተ። ደረጃውን ቀስ ብለን፣ ለእትዬ አልማዝ እየቆምን ወጣን።

ፍራው ክሬመር በቤት ልብሳቸው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ፈገግ ብለው ነበር። ከዚያ ከእኔ ኋላ ቮልፍን አዩ፣ ቶማስን አዩ፣ እትዬ አልማዝን አዩ፤ ካፖርቶቻችንን አንድ በአንድ አዩ። ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። አፌን ልከፍት ስል እጃቸውን አነሡ።

«በር ላይ አይደለም» አሉ፣ በአማርኛ። «ግቡ።»

ገባን። ግድግዳውን እየያዙ ወደ መስኮቱ ወንበር ሄዱ። ልብሳቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩን።

«ተቀምጫለሁ» አሉ። «አሁን ንገሩኝ።»